ለመሀል ሜዳዋ ሲስተር እግዜር ይስጥልን

ሰላም የመንዝ ልጆች! ስላዋለደችኝ ሲስተር ይሄን ልጽፍ ካሰብኩ ቆይቷል ግን አራስ ስልክ ስትነካ እናቴ መች ታያለች፣ ዛሬ ገበያ ስትወጣ ነው ያገኘሁት ሃሃ።

ልጄ የመጀመሪያዬ ስለሆነች ፍርሃቴ ሌላ ነበር። ሆዴ ገፋ ሲል ያገኘኝ ሁሉ የሚያወራኝ ስለ ምጥ ነው፣ አንዷ ሁለት ቀን አማጥኩ ትላለች ሌላዋ ተሰፋሁ ትላለች፣ ማታ ደግሞ ቲክቶኩ ይጨምርበታል፣ በቃ እንቅልፍ የለም። ክትትል የጀመርኩበት ቦታ (አልጠራውም) ስጠይቅ መልሱ "ሲደርስ ታይዋለሽ" ነበር።

ከዛ ነው እቺን ሚድዋይፍ (አዋላጅ) ሲስተር ያገኘኋት። ሆዴን በለካችበት ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ጋ ጣቷን አድርጋ "የማህፀን በር የሚከፈተው እስከዚች ነው፣ በአንዴ ግን አይደለም፣ በመጀመሪያ ልጅ እስከ 5 ሳንቲ ቀስ ይላል፣ ዘገየ ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ ጠጪ፣ ተራመጂ" አለችኝ። ማዋለጃው ባዶ የሆነ ሰዓት አስገብታ አልጋውን አሳየችኝ። የሚያስፈራውንም አልደበቀችኝም፣ ደም ካየሽ፣ ከባድ ራስ ምታት ከአይን ብዥታ ጋር ከመጣ፣ ፊትሽ ካበጠ፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ሌሊትም ቢሆን ነይ። ባሌንም አስጠርታ መኪና ከማን እንደሚያገኝና ደም የሚሰጥ ሰው ማን እንደሆነ ካሁኑ ጨርስ አለችው፣ እሱ እኮ ክትትል የሴት ነው ባይ ነበር።

ምጡ አላመመኝም አልልም፣ ጮኬያለሁ። ግን ምን እየሆንኩ እንደሆነ አውቅ ነበር። እናቴን አስገብታልኝ እሷ ማርያም ማርያም ስትል እኔ ሲስተርን እያየሁ እተነፍሳለሁ፣ ልጅቷ እንደወጣች ጭኔ ላይ የምትወጋኝን መርፌ እንኳን ደም እንዳይበዛ ነው ብላ ቀድማ ነግራኛለች። እናቴ ለህፃኗ ቅቤ ልታስልስ ስትል ደግሞ ሳትቆጣት "እማማ፣ መጀመሪያ እንገሩን ትጥባ፣ ቅቤው ለገንፎው ይሁን" አለቻት፣ እናቴ ራሷ ሳቀች።

ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ በተለይ የመጀመሪያችሁ ከሆነ፣ እሷ ጋ ሂዱ፣ ባሎቻችሁንም ይዛችሁ። በመንግስት ጤና ጣቢያ ለወሊድ አይከፈልም፣ ከሩቅ ቀበሌ የምትመጡ ቀናችሁ ሳይደርስ ስለ እናቶች ማቆያ (ምጥ እስኪመጣ የሚቆዩበት ቤት) ጠይቁ። ስሟን አትጻፊ ስላለችኝ ነው፣ ኢንቦክስ ጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

ሲስተርዬ ለገንፎው ተረኛ ነኝ ብለሽ ቀርተሻል፣ 80 ቀኗ ሲደርስ ክርስትናው ላይ ግን መቅረት የለም እሺ!