የሲያትሉ ዴሞክራሲ ቫውቸር፦ ተጠቅሜበታለሁ፣ እናንተም ተጠቀሙበት

ስለ ምግብ ቤት፣ ስለ መካኒክ፣ ስለ ጉዞ ወኪል አስተያየት እንጻጻፋለን። ዛሬ ከተማችን ሲያትል ስለምትሰጠው አንድ አገልግሎት ልጻፍ። ብዙ ሐበሻ ቤት ይደርሳል፤ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተጠቅልሎም ይጣላል። ዴሞክራሲ ቫውቸር ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማ ምርጫ ባለበት ዓመት፣ ፌብሩዋሪ ላይ አራት ቫውቸር በፖስታ ይመጣል። እያንዳንዱ 25 ዶላር ነው፣ በድምሩ 100። ጥሬ ገንዘብ ግን አይደለም። መሸጥም መግዛትም በሕግ ክልክል ነው። ለከንቲባ፣ ለከተማው ምክር ቤት ወይም ለከተማው ዐቃቤ ሕግነት ለሚወዳደር ሰው የምትሰጡት የቅስቀሳ መዋጮ ነው። ስማችሁ ታትሞበታል፣ መለያ ቁጥርና ባርኮድ አለው። እናንተ የዕጩውን ስምና ቀኑን ጽፋችሁ ትፈርማላችሁ፣ አለቀ። በፖስታ መመለስ ይቻላል፣ በኢንተርኔትም ይቻላል፣ በር ላይ ለመጣ የዕጩው ሰው መስጠትም ይቻላል። ፊርማው ተመሳክሮ ትክክል ከሆነ ከተማው 25 ዶላሩን ለዕጩው ይከፍላል። አራቱንም ለአንድ ሰው መስጠት ወይም ማከፋፈል የእናንተ ፈንታ ነው።

ለእኛ ሰው ግን ትልቁ ወሬ ሌላ ነው። ይህን ለመጠቀም ዜጋ መሆን አያስፈልግም። ሲያትል ውስጥ የምትኖሩ፣ 18 ዓመት የሞላችሁና ግሪን ካርድ ያላችሁ ከሆነ ይገባችኋል። ድምፅ መስጠት አትችሉም፣ ቫውቸር መስጠት ግን ትችላላችሁ። ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ ብዙ ናቸው። ለመራጭነት የተመዘገበ ሰው ሳይጠይቅ ይላክለታል፤ ግሪን ካርድ ያለው ግን አመልክቶ ነው የሚያገኘው፣ ማመልከቻውም አስቸጋሪ አይደለም። መረጃው ደግሞ በአማርኛ፣ በትግርኛም፣ በኦሮምኛም ተተርጉሞ አለ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ ከንብረት ግብር ነው። መጀመሪያ ሲጸድቅ በዓመት 3 ሚሊዮን ዶላር ለ10 ዓመት ተብሎ ነበር። ለአንድ መካከለኛ ቤት ባለቤት በዓመት ከ10 ዶላር ብዙ አይርቅም። ሁለት የቤት ባለቤቶች «በእኔ ግብር የማልደግፈው ሰው አይቀሰቅስም» ዓይነት ክርክር ይዘው ከስሰው ነበር፤ በ2019 የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ከከተማው ጎን ቆመ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ፣ ይሄ ነገር እንዴት እንደመጣ። ምክንያቱም ቫውቸሩን ከተማው ከደግነቱ የሰጠን የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። በ2013 ከተማው የዕጩዎችን የቅስቀሳ ወጪ እንዲያግዝ የሚያደርግ ሐሳብ ለሕዝብ ቀርቦ በጥቂት ድምፅ ልዩነት ወደቀ። ያኔ ለከተማ ዕጩ ገንዘብ የሚያዋጣው ነዋሪ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ አንድ ተወዳዳሪ ስልኩን አንስቶ የሚደውለው ለማን ነው? መክፈል ለሚችለው ነው። ሬይኒየር ቫሊ ያለች የነርሲንግ ሆም ሠራተኛ ወይም ታክሲ ነጂ ስልክ ላይ ማን ይደውላል?

ሐሳቡን የደገፉት ቡድኖች ግን ሲወድቅ አልተበተኑም። ሳይትላይን የሚባለው የጥናት ተቋም አዲሱን ሕግ በማርቀቅ ገባበት፤ ሥራው በዋናነት የአካባቢ ጥበቃ ነው። ዊን ዊን ኔትወርክ መጣ፣ ፊውዝ ዋሽንግተን መጣ፣ የሲያትልና ኪንግ ካውንቲ የሴት መራጮች ሊግ ደገፈ። አንዱ ስለ አየር ንብረት ነው የሚጨነቀው፣ ሌላው ስለ መራጮች መብት፣ ሌላው ስለ ደመወዝና ስለ ቤት ኪራይ። ሁሉም ግን አንድ ግድግዳ ላይ ይጋጫሉ፤ የፈለጉትን ሕግ ይዘው ምክር ቤት ሲሄዱ ትልቅ ገንዘብ የሰጠው ሰው ቀድሟቸው ገብቶ ያገኙታል። ስለዚህ የየራሳቸውን ጥያቄ ለጊዜው ወደጎን አድርገው በአንድ ስም ተሰባሰቡ፣ ሀቀኛ ምርጫ ለሲያትል ብለው። በየመንገዱ ፊርማ አሰባሰቡ። ኖቬምበር 2015 ላይ ኢኒሼቲቭ 122 ከ60 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ አለፈ። ሕጉ ቫውቸር ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው ለአንድ ዕጩ የሚሰጠውን ከ700 ወደ 500 ዶላር አወረደ፣ ከከተማው ጋር ትልቅ ውል ያላቸው ድርጅቶችም ለዕጩ ገንዘብ እንዳይሰጡ ከለከለ።

ይሄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ2016 ሳውዝ ዳኮታ ውስጥም ሕዝቡ ቫውቸር ያለበት ሕግ በድምፁ አጸደቀ፤ በ2017 መጀመሪያ የግዛቱ ምክር ቤት ሻረው። በዚያው በ2016 የዋሽንግተን ግዛት በሙሉ ቫውቸር እንዲኖረው ቀርቦ ሕዝቡ አልተቀበለውም። የካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ደግሞ በ2022 ከሲያትል ተምራ፣ የሲቪል መብት ድርጅቶችም የእስያ አሜሪካውያን ማኅበራትም የሴት መራጮች ሊግም አንድ ላይ ሆነው፣ በከፍተኛ ድምፅ አሳለፉት። ግን ገንዘቡ ከከተማው አጠቃላይ በጀት ነው የሚመጣው፣ በጀቱ ሲጎድል ቫውቸሩ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። የእኛዎቹ የራሱን ግብር አብረው መጻፋቸው ብልህነት ነበር። ያ አንድ መስመር ባይኖር ዛሬ ስለዚህ ነገር የምጽፈውም አይኖርም ነበር ባይ ነኝ።

ሠርቷል ወይ? እኔ ሠርቷል እላለሁ። በ2017 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር ከ20 ሺህ በላይ ሰው ተጠቀመበት። በዚያ ዓመት ቴሬሳ ሞስኬዳ ምክር ቤት ገባች፤ ከሠራተኛ ማኅበር የመጣች፣ ቤት ተከራይታ የምትኖር ሴት ነበረች። በ2019 ተጠቃሚው ወደ 38 ሺህ ደረሰ። በ2025 ደግሞ ከትራንዚት ራይደርስ ዩኒየን (የሕዝብ ትራንስፖርት ተሳፋሪዎች ማኅበር) መሥራቾች አንዷ የሆነችው ኬቲ ዊልሰን በቫውቸር ቀስቅሳ በሥልጣን ላይ የነበረውን ከንቲባ አሸነፈች። ፖለቲካዋን ውደዱት አትውደዱት የእናንተ ጉዳይ ነው። እኔ የምለው የአውቶቡስ ተሳፋሪ የምታደራጅ ሰው ሀብታም ሳትለምን ለከንቲባነት መወዳደር መቻሏን ነው።

ዕጩው ራሱ የቫውቸር ገንዘብ ዝም ብሎ አያገኝም። መጀመሪያ ከነዋሪ ፊርማና ቢያንስ 10 ዶላር መዋጮ ማሰባሰብ አለበት፤ ለከንቲባ 600 ሰው፣ ለምክር ቤቱ የወረዳ ወንበር 150። ይሄን በጣም እወደዋለሁ። 150 ሰው ማለት በር ማንኳኳት ነው። እኛ ሰፈርም መምጣት አለበት ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የማይመቸኝ።

የውጭ ገንዘብ አልቆመም። ቫውቸር የሚቀበል ዕጩ የወጪ ጣሪያ አለው፤ ነገር ግን በራሳቸው የሚቀሰቅሱ ቡድኖች ብዙ ገንዘብ ሲያፈሱ ጣሪያው ይነሳል። በ2019 አማዞን ብቻውን ለንግድ ምክር ቤቱ የፖለቲካ ኮሚቴ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። አብዛኞቹ እሱ የደገፋቸው ተሸነፉ፣ እሰየው። ግን በአራት የ25 ዶላር ወረቀት ፊት እንደዚያ ያለ ገንዘብ መቆሙ ያናድዳል፤ ይሄን ቀዳዳ ቫውቸሩ ብቻውን አይደፍነውም።

ሌላው ግልጽነቱ ነው። ቫውቸር የሰጠ ሰው ስም በይፋ ይታያል። ለማን እንደሰጠም ይታያል። በመርህ ደረጃ ትክክል ነው፣ ገንዘቡ የሕዝብ ነውና። የእኛ ሰው ግን ስሙ ከፖለቲካ ጋር ተያይዞ ሲጻፍ ምን እንደሚሰማው እናውቃለን። ሬይኒየር ቢች የአረጋውያን ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩ አንዲት እናት ጋ ቫውቸሩን ላስረዳ ገብቼ ነበር። ከመብራት ቢል ጋር በላስቲክ አስረው አስቀምጠውታል። «ልጄ፣ የመንግሥት ዕዳ ነው እንዴ?» አሉኝ። አይደለም እማማ፣ እርስዎ የሚሰጡት ነው አልኳቸው። ገለባበጡት። «ስሜ ይወጣል?» አዎ ይወጣል አልኩ፣ አልዋሸሁም። ዝም አሉ። ቆይተው «ይሄ ሰውዬ ስለ ሊፍቱ ይናገራል?» ብለው ጠየቁኝ፣ የሕንፃቸው ሊፍት እየተበላሸ ስላስቸገራቸው። ለዕጩው ደውለን በስፒከር ጠየቁት፣ እኔ አስተረጎምኩ። ሁለቱን ፈረሙ። ሁለቱን «ሌላዋንም ልስማት» ብለው መልሰው በላስቲኩ አሰሩ። ከዚህ የተሻለ አጠቃቀም አላየሁም።

የሚያሳዝነኝም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የተጠቃሚው ቁጥር ዝቅተኛ ነው። በጣም ጥሩ በሚባለው ዓመት ከመቶ ስምንት ገደማ ሰው ነው የተጠቀመበት፣ በ2023 ደግሞ ወደ አምስት ወረደ። ከንቲባ የማይመረጥበት ዓመት ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ፣ 2019ም እኮ ከንቲባ አልተመረጠበትም፣ ተጠቃሚው ግን ወደ 38 ሺህ ነበር። እኔ የሚመስለኝ ሕግ ለማስጸደቅ አብረው የሮጡት ቡድኖች ሕጉ ሲያልፍ እያንዳንዱ ወደ ጉዳዩ ይመለሳል፤ ወረቀቱን በየቋንቋው በየቤቱ የማስረዳቱ ሥራ ባለቤት ያጣል። ፕሮግራሙን የሚመራው የከተማው የሥነ ምግባርና የምርጫ ኮሚሽን ለማኅበረሰብ ድርጅቶች ገንዘብ እየሰጠ እንዲያስተዋውቁ ሞክሯል፣ ጥሩ ነው። በ2025 ግብሩ ሊያበቃ ሲልም ድምፁ ተገኝቶ ለሌላ 10 ዓመት ታደሰ፣ በዓመት 4.5 ሚሊዮን ሆኖ። ግን የማስጸደቅ ዘመቻ ላይ የታየው ጉልበት የየካቲቱ ፖስታ ሲመጣም መታየት አለበት። ያኔ ነው የሚያስፈልገው።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን እመጣለሁ። ዕድር አለን። የሰንበት ትምህርት ቤት አለን፣ መስጊድ አለን፣ የኮሚዩኒቲ ማኅበር አለን፣ የሾፌሮች ስብስብ አለን። አብረን ለቅሶ እንቀመጣለን፣ ቅስቀሳ ሲሆን ግን እንበታተናለን። የአገር ቤት ፖለቲካ እንዳይገባብን እንፈራለን፣ ፍርሃቱም ምክንያት አለው። ግን የሲያትል ምክር ቤት ጉዳይ የአውቶቡስ መስመር ነው፣ የቤት ኪራይ ነው፣ የሱቅ ፈቃድ ነው። በዚህ ከሶማሌው ጎረቤት፣ ከቬትናም ነጋዴው ጋር ጥያቄያችን አንድ ነው። ማንን እንምረጥ የሚለውን ለየሰዉ ትቶ አሞላሉን ብቻ አብሮ ማስረዳት ይቻላል።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት አራት። አንዱን የቀነስኩት ለወጪ ጣሪያው ቀዳዳ ነው። አንድ ማሳሰቢያም አለኝ፤ በር ላይ የሚመጣ ሰው «ባዶውን ፈርመህ ስጠኝ፣ ስሙን እኔ እሞላዋለሁ» ካለ አትስጡ፣ የዕጩውን ስም ራሳችሁ ጻፉ። ወረቀቱ ከጠፋባችሁ ምትክ ይጠየቃል፤ ኢንተርኔት የሚቀልላችሁ በዚያ መስጠት ትችላላችሁ።

የሚቀጥለው መደበኛ የከተማ ምርጫ 2027 ነው። ግሪን ካርድ ያላችሁ እስከዚያ አትጠብቁ፣ ማመልከቻው በአማርኛ ምን እንደሚል ከአሁኑ እዩት። አዳራሽ ያለው ማኅበር ወይም ዕድር ካለ አሞላሉን መጥቼ በነጻ አስረዳለሁ፤ ትግርኛና ኦሮምኛ የሚችል ሰው አብሮኝ ቢቆም ደግሞ ደስ ይለኛል። አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ።