አገር ቤት ሄጄ ዋይፋይ አስገባሁ፦ ማን ሠራ፣ ማን ለገመ

በዚህኛው የአገር ቤት ጉዞዬ ከዘመድ ጥየቃ እኩል የያዝኩት አንድ ጉዳይ ነበር፤ ወላጆቼ ቤት ደህና ኢንተርኔት ማስገባት። በስልክ ዳታ ስንገናኝ የእናቴ ፊት ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ ድምፅዋ ለብቻው ይሄዳል። «ትሰማኛለህ?» እየተባባልን ወሬው ሳይጀመር ያልቃል። እናም ከሻጩ እስከ ቴክኒሺያኑ ያገኘሁትን አገልግሎት ሁሉ ልገምግም። ስም አልጠራም።

ከሽያጭ ክፍሉ ልጀምር። መስተንግዶው አይከፋም፤ ወንበር አለ፣ ተራውም ቶሎ ደረሰን። ችግሩ፣ ያስተናገደችን ልጅ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ስንት ሜጋ ላድርግላችሁ?» አባቴ ትልቅ ቁጥር ይወዳል። ወዲያው 100 ላይ ጣቱን አሳረፈ። ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ፣ ኢንተርኔቱ ለምን እንደሚፈለግ፣ ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው የጠየቀን የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ሜጋቢት እንጂ ሜጋባይት አይደለም። 1 ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ በ100 ሜጋቢት መስመር ፋይል ስታወርዱ ኮምፒውተሩ የሚያሳያችሁ ቢበዛ በሰከንድ 12 ሜጋባይት ገደማ ነው። ተበላሁ ብላችሁ እንዳትጣሉ። ደግሞስ ለሁለት ሰው ቤት 100 ምን ያደርጋል? ጥርት ላለ የቪዲዮ ጥሪ 3 ሜጋቢት አካባቢ ይበቃል። ጥራቱ ከፍ ያለ 4ኬ ፊልም እንኳን ከ25 ብዙም አያልፍም። አባቴን አግባብቼ ወደ መካከለኛው ፓኬጅ አወረድኩት። ፊቱ አልፈታም፣ ግን ፈረመ።

ከዚያ እኔ አንድ ጥያቄ አመጣሁ፤ የመላኪያው ፍጥነትስ? የእናቴ ምስል ወደ እኔ የሚመጣው በማውረጃው ሳይሆን በመላኪያው በኩል ነው። በብዙ ፓኬጅ ላይ ደግሞ መላኪያው ከማውረጃው በጣም ያንሳል። ልጅቷ አታውቅም። ወረቀቱም ላይ የለም። አለቃዋን ጠይቃ መጣች። ዘመድ ውጭ አገር ላለው ደንበኛ ዋናው ቁጥር ይህ ሆኖ ሳለ መደበቁ አይገባኝም።

ፋይበሩ፣ ማለትም ኢንተርኔቱን በብርሃን የሚያመጣው የመስታወት ገመድ፣ እስኪዘረጋልን በተዋስነው የሲም ራውተር ቆየን። ይህን ዕቃ የሚያጣጥሉት ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አላጣጥለውም። ሲም ከታችሁ ሶኬት ላይ ትሰኩታላችሁ፣ በቃ። ኪራይ ቤት ለሚኖር ወይም ቶሎ ለሚለቅ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። አመሉ ግን ማታ ማታ ነው። ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ታወር ላይ ሲረባረብ ይንቀራፈፋል። የሚቀመጥበት ቦታም ወሳኝ ነው። በራውተሩ ገጽ ላይ የሲግናል ጥንካሬ ዲቢኤም በሚባል መለኪያ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። -80 በጣም ጥሩ ነው፣ -110 ደግሞ ደካማ። የእኛው ሳሎን መደርደሪያ ላይ -112 ነበር። ታወሩ ያለበትን አቅጣጫ የሚያየው መስኮት ጋ ሲወሰድ -95 ሆነ። አምስት ሳንቲም ሳይወጣ።

ወደ ፋይበሩ ልምጣ። የመጣው ቴክኒሺያን እጁ የተባረከ ልጅ ነው። ከፀጉር የማይወፍረውን መስታወት ልጦ፣ በአልኮል ጠርጎ፣ በትንሽ መቁረጫ ቀጥ አድርጎ ቆረጠው። ከዚያ በመለኪያ የብርሃኑን ኃይል አየ። -19 ዲቢኤም አለ። «ጋሼ፣ ይሄ ቁጥር ከ-27 በታች ከወረደ ነው የምንቸገረው» አለኝ። እናቴንም የፋይበሩ ገመድ ወደሚገባበት ሣጥን ጠርቶ «እማማ፣ ይቺ ቀይ መብራት ከበራች መስመሩ ነው የተቆረጠው፣ ራውተሩን አይነካኩት፣ ይደውሉልን» አላት። ኬብሉን በማዕዘን ላይ እንዳናጥፈውም አስጠነቀቀን፤ ብርሃኑ በሹል ጥምዝ ላይ ያመልጣል። እስከዚህ ድረስ ሙሉ ነጥብ።

ከዚህ በኋላ ግን ለገመ። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ከቤቱ ጥግ፣ ወለል ላይ አስቀምጦ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። «ኬብሉ የሚያልቀው እዚህ ነው።» ቤቱ የኮንክሪት ግድግዳ አለው፣ ውስጡም ብረት ነው። መሃል ላይ ትልቅ መስታወትና ፍሪጅ ተደርድረዋል። ዋይፋይ ደግሞ ብረትና ውኃ አይወድም። የሰጡን ራውተር በሁለት ሞገድ ይሠራል፦ 2.4 ጊጋኸርዝ ቀርፈፍ ቢልም ግድግዳ አልፎ ይሄዳል፣ 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ያደክመዋል። ከቴሌቪዥን ጀርባ ሲቀመጥ ወላጆቼ መኝታ ቤት የሚደርሰው ያ ቀርፋፋው ብቻ ነው። እሱንም የጎረቤት ዋይፋይና ማይክሮዌቭ ይሻሙበታል።

መፍትሔው ተራ የኔትወርክ ኬብል ነበር። እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሄዳል። ልጁን ለምኜ የፋይበሩን ሣጥን እዚያው ትተን ራውተሩን ኮሪደሩ ላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ አድርገን ሰቀልነው። ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ሥራው ብዙ አይፈጅም፤ ሳይለመኑ ማድረግ ነበረባቸው። ለነገሩ እሱም አይፈረድበትም፣ ስልኩ ሲጮህበት ነው የዋለው፤ ቀጣዩ ቤት እየጠበቀው ነው።

ፓስወርዱን ከ1 እስከ 8 ቆጥሮ መስጠቱን ግን ይቅር አልልም። «እንዳይረሱት ብዬ ነው፣ ሁሉም ቤት እንደዚህ ነው» አለ። ይሄ ማለት የሰፈሩን ዋይፋይ በሙሉ ያውቀዋል ማለት ነው! ረዘም ያለ፣ እናቴ የምትይዘው ሐረግ አደረግንበት። የራውተሩን የውስጥ መግቢያ ፓስወርድም ቀየርን፤ እሱ ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። የዋይፋዩን ጥበቃ ደብሊውፒኤ 3 የሚባለው አዲሱ ደረጃ ላይ አደረግነው፤ የአባቴ የቆየ ስልክ አልገናኝ ሲል 2 እና 3ን በሚያቀላቅለው ላይ መለስነው። ፓስወርድ ሳይጻፍ በአዝራር ወይም በፒን የሚያገናኘውን ደብሊውፒኤስ ዘጋነው፤ ባለ 8 አኃዙ ፒን በቀላሉ እንደሚሰበር ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። ለእንግዳ ደግሞ ለብቻው ስም ከፈትን።

ጓሮ ያለችው ክፍል ቀረች። የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ስንሄድ ሻጩ ሳያስጨርሰን ሪፒተር፣ ማለትም የዋይፋይ ማራዘሚያ፣ ዘረጋልን። ሪፒተር እየተቀበለ መልሶ የሚያሰራጨው በዚያው በአንዱ ሞገድ ከሆነ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ይህን ስነግረው «ሁሉም ሰው ይሄንን ነው የሚወስደው» አለኝ። አልወሰድንም። ቤት የተጣለ አሮጌ ራውተር ነበር፤ ለስልኮቹ የኔትወርክ አድራሻ ማደሉን ዘግተን፣ የራሱን አድራሻ ከዋናው ራውተር ለይተን፣ በኬብል ከዋናው ጋር አገናኘነው። ኬብል መሳብ ለማይቻልበት ሰፊ ቤት ሜሽ የሚባሉትን፣ እርስ በርስ ያለ ኬብል እየተገናኙ ዋይፋዩን የሚያዳርሱ ጥንድ ሣጥኖች እመክራለሁ፤ ዋጋቸው ግን ቆንጠጥ ያደርጋል።

የደንበኞች ስልክ መስመሩ? «አጥፍተው ያብሩት።» እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ይሠራል። ካልሠራ ግን ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክታችሁ ፍጥነቱን ለኩ። በኬብል ጥሩ ሆኖ በዋይፋይ ከደከመ ጥፋቱ ቤታችሁ ውስጥ ነው፣ ኩባንያውን አትርገሙት። በኬብልም ከደከመ ያንን ቁጥር ይዛችሁ ደውሉ። እኔ እንደዚያ ሳደርግ የመስመሩ ሰው ድምፁ ተቀየረ፣ ሰውም ቶሎ ተላከልን።

መብራት ሲጠፋ ለሚሆነው ደግሞ ትንሽ ባትሪ ገዛን። ፋይበሩ ራሱ በመንገድ ላይ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ የሚፈልጉት የቤታችሁ ሣጥንና ራውተር ናቸው። አብዛኞቹ በ12 ቮልት ይሠራሉ፣ ቢሆንም ከጀርባቸው የተጻፈውን ሳታነቡ አትግዙ።

ውሉን በአባቴ ስም አደረግነው። በእኔ ስም ቢሆን ኖሮ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር «ባለቤቱ ይቅረብ» ሊባል ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ ባሕር ማዶ።