ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው የማታ እንግሊዝኛ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስት ወር የማታ እንግሊዝኛ ተማርኩ። ክፍሉ ምድር ላይ ካሉት ሱቆች አንዱ ነው። የምወቅሰውም ስላለ ስሙን አልጠራም። ክፍያው በወር 1,200 ብር፣ ትምህርቱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ተኩል። አቃቂ ከሥራ ወጥቼ፣ ታክሲ ተጋፍቼ ስደርስ ብዙ ጊዜ ተጀምሮ ነው የማገኘው።

ለምን እንደተመዘገብኩ ልንገራችሁ። የምሠራው ግዥ ክፍል ነው። ለአንድ የውጭ አቅራቢ «ዕቃው ከደረሰ ቀሪውን እንከፍላለን» ልለው ፈልጌ፣ «ኢፍ ዘ ጉድስ አራይቭድ፣ ዊ ዊል ፔይ ዘ ባላንስ» ብዬ ኢሜይል ላክሁ። ሰውዬው «ደረሰ እንዴ? መቼ?» ብሎ መለሰልኝ። ዕቃው እኮ ገና መርከብ ላይም አልተጫነም! አለቃዬ ኢሜይሉን ቢሮው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብሎ አነበበው። የዛን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ኢፍን ሳልማር ቀርቼ አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነበር። የኢፍ ዓረፍተ ነገሮችን ዓይነት አንድ፣ ዓይነት ሁለት፣ ዓይነት ሦስት እያልን ሸምድደናል። ቲቸራችን ግን የጀመሩት ከአማርኛው ነው። ጡረታ የወጡ የሃይስኩል አስተማሪ ናቸው። ዋይትቦርዱ ላይ «ከዘነበ አልመጣም» ብለው ጻፉ። (የቱሉ ዲምቱን ጭቃ ለሚያውቅ ቀልድ አይደለም።) «ዘነበ ያለፈ ነው ያላለፈ?» አሉን። ያለፈ። ከሥሩ «ቢዘንብ አልመጣም ነበር» ጻፉ። «ቢዘንብ ውስጥ ያለው ይዘንብስ?» ያላለፈ። «እንግሊዝኛው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው» አሉ።

እውነትም። ሊሆን ለሚችለው ነገር የአሁን ጊዜ ግስ ነው የሚገባው፦ ኢፍ ኢት ሬይንስ፣ አይ ዊል ኖት ካም። እንዲያው በሐሳብ ላለው ደግሞ ያለፈው፦ ኢፍ ኢት ሬይንድ፣ አይ ዉድ ኖት ካም። እኔ ለካ «ከደረሰ»ን እንዳለ ገልብጬ ነው «አራይቭድ» ያልኩት። ለዚህች ለአንዷ ምሽት ብቻ የወሩን ብር ሳልቆጭ እከፍላለሁ።

አንድ ልጅ «ኢፍ አይ ዉድ ሃቭ መኒ» ሲል ደግሞ፣ «ዉድ ውድ ነው፤ ኢፍ ያለበት ቤት አይገባም» አሉት። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ልጁም «ኢፍ አይ ሃድ መኒ» ብሎ አስተካከለ። እኔ አሁን ኢሜይል ስጽፍ ይቺው ትመጣብኛለች። «ኢፍ አይ ወር ዩ» ላይ ለምን ዋዝ እንዳልሆነ ሲጠየቁም፣ በንግግር ዋዝ የሚል አለ፣ ፈተና ላይ ግን ወር ጻፉ ብለው አለፉ። ይበቃል።

ዓይነት ሦስት ላይ፣ ማለትም ድሮ ሳይሆን ለቀረው ነገር በሚባለው ላይ ግን ተጣደፉ። «ኖሮን ስታዩ ሃድን አስቡ» አሉ፦ ቢዘንብ ኖሮ አልመጣም ነበር፣ ኢፍ ኢት ሃድ ሬይንድ፣ አይ ዉድ ኖት ሃቭ ካም። እሺ። ግን «ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ እገዛው ነበር» ስል እኮ የዛሬውንም ማለቴ ሊሆን ይችላል። ያኔ ኢፍ አይ ሃድ መኒ ነው እንጂ ሃድ ሃድ አይደለም። እጄን አወጣሁ። አጠገባችን ያለው ወፍጮ ቤት እያጓራ ስለነበር አልሰሙኝም። በማግስቱ ወደ ሌላ ርዕስ አለፍን።

ሃንድአውቱ የኮፒ ኮፒ ነው፣ ፊደሉ ደብዝዞ ኢዝ ይሁን ኢን አይለይም። ወንበሩ መደገፊያ የለውም። የምትመዘገቡ ካላችሁ ከወፍጮው ርቃችሁ፣ በር በኩል ተቀመጡ። ሁለት ምሽት መብራት ጠፍቶ ሳንማር ተመልሰናል። ማካካሻ ይሰጣችኋል ተብሎ ነበር። እስካሁን የለም።