ፎቶ ላይ ማስመሸት፦ ዘጠኝ ወር ከዳቪንቺ ሪዞልቭ ጋር

ነገሩ የጀመረው በአንድ ፎቶ ነው። ጎንደር፣ የአፄ ፋሲል ግንብ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ በስልኬ ያነሳሁት። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ጥላ የለም፣ ሰማዩ ሰማያዊ ብቻ። ፎቶው እንዲህ ነው የሚባል አይደለም። ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ግንቡ እንዳለ ቆሞ፣ ከለሩ ብቻ ቀስ እያለ ተቀይሮ ቢመሽስ?

ለዚህ ብዬ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን የቪዲዮና የከለር ማስተካከያ ፕሮግራም፣ ነጻውን፣ ጫንኩ። ይኸው ዘጠኝ ወር ሆነው። ከዚያ ወዲህ ለሠርግ ቪዲዮ መክፈቻ፣ ለመዝሙር ግጥም ማሳያ፣ ለአዲስ ዓመት ካርድ ስጠቀምበት ከርሜያለሁ። ሁሉም ሥራ ግን አንድ ዓይነት ነው፦ የቆመ ፎቶ፣ የሚሄድ ከለር።

መጀመሪያ አካባቢ ኪፍሬም ጉድ ሠራኝ፤ «በዚህ ሰዓት ከለሩ ይህን ይምሰል» ብለህ የምታስቀምጠው ምልክት ነው። ፎቶ ታይምላይን (ቪዲዮው በጊዜ ቅደም ተከተል የሚደረደርበት መስመር) ላይ ሲገባ አምስት ሰከንድ ብቻ ነው የሚረዝመው፤ ጎትቼ 30 ሰከንድ አደረግኩት። ከለር ገጽ ላይ መጀመሪያው ላይ አንድ፣ መጨረሻው ላይ አንድ ኪፍሬም አስቀመጥኩ። ሳጫውተው 29 ሰከንድ ሙሉ ቀን ነው፤ ከዚያ ቦግ! አምፖል የተበራ ይመስል ምሽት ሆነ። ለካ ያስቀመጥኩት ስታቲክ የሚባለውን ኖሯል። እሱ አይሸጋገርም፣ ይዘላል። ቀስ እያለ የሚሄደው ዳይናሚክ የሚባለው ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ምሽት ፈጀብኝ፤ እናንተ አንድ ደቂቃም አይፍጅባችሁ።

ላብ ጠብ ያደረገኝ ግን ሰማዩ ነው። ሰማዩን ከግንቡ ለመለየት ኳሊፋየሩን ተጠቀምኩ፤ ሰማያዊውን ትነካዋለህ፣ እሱ ይመርጥልሃል። ቆንጆ መረጠ። ከዚያ ሰማዩን ወደ ብርቱካናማ ስወስደው መሃል ላይ ነገሩ ተበላሸ። ከማማዎቹ ጀርባ ያለው ሰማይ ቁራጭ ቁራጭ እየሆነ ከምርጫው ወጣ። ፕሮግራሙን ስወቅስ ሰነበትኩ። ጥፋቱ የእኔው ነበር። ምርጫውን ያስቀመጥኩት ከለሩን ከሚቀይረው ኖድ በኋላ ነው፤ ኖድ ማለት ምስሉ በተራ የሚያልፍበት አንድ የማስተካከያ ደረጃ ነው። ኳሊፋየሩ የሚፈልገው ሰማያዊ ነው፤ ከፊቱ ያለው ኖድ ደግሞ ሰማያዊውን እያጠፋበት ነው። ከየት ያምጣው? ምርጫውን በቀጥታ ከዋናው ምስል ሳገናኘው ሰላም ሆነ። አሁን ፎቶ ስከፍት መጀመሪያ የማደርገው ይህንን ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስተማረኝ መሃሉ ነው። ከሰማያዊ ወደ ብርቱካናማ በቀጥታ ስትሄድ፣ በመንገድ ላይ አመድ የመሰለ ከለር ታገኛለህ። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸውና መሃል ላይ ይጠፋፋሉ። መፍትሔው አሥራ አምስተኛው ሰከንድ ላይ ሦስተኛ ኪፍሬም ማስገባትና ለሰማዩ ፈዘዝ ያለ ሮዝ መስጠት ነው። ይህንን ያገኘሁት ከየትም አይደለም፤ አንድ ቀን በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ሲመሽ አየሁ። እኛ አገር ምሽት አይዘገይም፤ 12 ሰዓት ሲል ይጀምርና ቡና ሳይፈላ ያልቃል። መጀመሪያ የሚጨልመው መሬቱ ነው። ሰማዩ ገና ብርሃን አለው። ስለዚህ የግንቡን ጨለም ያሉ ክፍሎች በሊፍት (የምስሉን ጨለማ ክፍል በሚያስተካክለው መቆጣጠሪያ) ቀድሜ አወርዳለሁ፣ ሰማዩን ትንሽ አዘገየዋለሁ። ይህን የጊዜ ልዩነት ካደረግክ በኋላ ነው ፎቶው እውነት የሚመሸው።

አባቴ ቪዲዮውን ሳሳየው ዝም ብሎ አየና «ምኑ ነው የሚንቀሳቀሰው?» አለኝ። ጨርሶት «ውይ፣ መሸ እንዴ!» አለ። ለእኔ ከዚያ በላይ ኮከብ የለም።

አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ቀስ ያለ ለውጥ በሰማይ ላይ መስመር መስመር ያወጣል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ባለ 8 ቢት ቪዲዮ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ከለር 256 ደረጃ ብቻ ነው ያለው። ሰማያዊው በ30 ሰከንድ ውስጥ 60 ደረጃ ቢወርድ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም 750 ፍሬም ነው፤ አንዱ ደረጃ ለግማሽ ሰከንድ ያህል ይቆማል ማለት ነው። ዓይን ደረጃውን ያያል። ለውጡ በዘገየ ቁጥር ይብሳል። እኔ ከላዩ ላይ ስስ ኖይዝ (ደቃቅ ነጠብጣብ) እነሰንስበታለሁ፤ ፊውዥን በሚባለው የፕሮግራሙ የኢፌክት ገጽ ያለው ፋስት ኖይዝ ይበቃል። መስመሩ ይሰወራል። ቪዲዮው ሲላክ ከተጨመቀ ግን ተመልሶ ይመጣል፣ ስለዚህ እንደ ፋይል ላኩት።

ደግሞ ልናዘዝ። ከአሥር ሥራ ስድስቱ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ፎቶው ስለማይንቀሳቀስ፣ ሁለት ቅጂ አድርገህ አንዱን ቀን፣ አንዱን ምሽት አስመስለህ በረጅም ክሮስ ዲዞልቭ (አንዱ እየደበዘዘ ሌላው በሚወጣበት ሽግግር) ብታገናኛቸው ብዙ ሰው ልዩነቱን አያውቅም። የአዲስ ዓመት ካርዱን፣ ከደረቅ ሣር ወደ አደይ አበባ፣ እንደዚያ ነው የሠራሁት። አሥር ደቂቃ። ሰማይና መሬት በተለያየ ሰዓት እንዲቀየሩ ስፈልግ ብቻ ወደ ኖዶቹ እመለሳለሁ።

ፕሮግራሙ ድሮም የከለር ባለሙያዎች መሣሪያ ነው፤ የአውስትራሊያው ብላክማጂክ ዲዛይን በ2009 (በፈረንጆቹ) ነው የገዛው። ያ ታሪኩ ይታወቅበታል፤ ከለር ገጹ የኮክፒት ያህል ያስፈራል። ላፕቶፕም ይበላል። የእኔ ደካማ ነው፣ ኖዶቹ ስምንት ሲሞሉ ማጫወቻው መንተፋተፍ ይጀምራል። አንዴ የሠርግ መክፈቻ ሬንደር እያደረግኩ (የመጨረሻውን ቪዲዮ እያወጣሁ) 90 ከመቶ ላይ መብራት ሄደ፣ ባትሪውም ከሞተ ቆይቷል። ፕሮጀክቱ ራሱ እያስቀመጠ በሚሄደው ላይቭ ሴቭ ተርፏል፣ ሬንደሩ ግን ከዜሮ።

የሚከፈልበት ስቱዲዮ የሚባለው 295 ዶላር ነው፣ አንዴ ከፍለህ የራስህ ነው። በዘጠኝ ወር ውስጥ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የጎደለኝ የፊልም ግሬኑ (የድሮ ፊልም ዓይነት ደቃቅ ነጠብጣብ የሚሰጠው) ብቻ ነው። ለጊዜው አልገዛም። መጀመሪያ የላፕቶፑን ባትሪ ላስቀይር።