ለጥፍር ፈንገስም ለጉንፋንም ነው እያሉ የሚሸጡትን «ፓኬጅ» እንዳትገዙ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ባቲ ያላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ለእናት ለአባቶቻችሁ አንብቡላቸው። ዛሬ ጠዋት በምሠራበት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ሁለት ነገር ተቀመጠ፤ ስም የሌለው የጠብታ ጠርሙስና በወረቀት የተጠቀለሉ ትናንሽ ነጭ ክኒኖች። ለሁለቱ የተከፈለው 3,400 ብር ነው። የከፈሉት ሰኞ ገበያ በርበሬ የሚቸረችሩ እናት ናቸው። አሁን ሆስፒታል ኦክስጅን ላይ ተኝተዋል። ጠርሙሱን ያመጣችው ልጃቸው ናት፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ልትጠይቅ። ንዴቱ ሳይበርድ ነው የምጽፈው።

ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። ነጭ ጋውን፣ በፍሬም የተሰቀለ ሰርተፊኬት፣ የብረት ዘንግ አስጨብጦ ኮምፒውተር ላይ ቀይና አረንጓዴ መስመር የሚያሳይ «ስካን»፣ ከዚያ ፓኬጅ። ዘንግ የጨበጠ ሰው ሁሉ አንድ ነገሩ ታሟል ይባላል። ለእኚህ እናት የተነገራቸው ይህ ነው፦ «የእግር ጥፍርዎ ላይ ያለው ፈንገስ በደም ወደ ሳንባ ወጥቷል። ጉንፋን ቶሎ ቶሎ የሚይዝዎትና የሚጠናብዎት ለዚህ ነው። ጠብታው ከላይ፣ ክኒኑ ከውስጥ ያጥበዋል፤ አብሽሩ።»

ውሸት ነው። የእግር ጥፍርን የሚያበላሸው ፈንገስ በብዛት ትራይኮፋይተን ሩብረም የሚባለው ነው። የሚኖረው ጥፍር፣ ፀጉርና የላይኛው የቆዳ ሽፋን የተሠሩበትን ኬራቲን እየበላ ነው። ከእግር ጥፍር ተነስቶ ሳንባ አይገባም። ጉንፋን ደግሞ የቫይረስ ሥራ ነው፤ በትንፋሽ፣ በሳልና በእጅ ይመጣል።

ሰውን የሚይዙት በአረፋው ነው። የጥፍሩን ፊት በሞረድ ይፍቃሉ፣ ዳር ዳሩ እስኪቆስል። ጠብታውን ጠብ ሲያደርጉበት ነጭ አረፋ ይፈላል፤ በጥጥ ሲጠርጉት ቢጫው ጥፍር ነጣ ብሎ ይታያል። «አዩት? እየሞተ ነው!» ይላሉ። እንዲህ የሚፈላው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፣ ያ የቁስል ማጠቢያ። ደምና የተላጠ ቆዳ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ወደ ውኃና ኦክስጅን ስለሚከፍለው ነው አረፋ የሚያወጣው፤ ፈንገስ የሚባል ነገር የሌለበት የሕፃን ጉልበት ቢላጥም ይፈላል። ጥፍሩ የነጣው ቢጫው ገጽ በሞረድ ስለተነሳና ፐርኦክሳይድ ቀለም ስለሚያነጣ ነው። ፈንገሱ ያለው ግን ከጥፍሩ ሥር፣ ጥፍሩና ሥጋው በሚገናኙበት ነው። ጠብታው እዚያ አልደረሰም።

ዘጠነኛው ቀን ላይ ትኩሳት ያዛቸው። በአሥራ አንደኛው ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ልጃቸው ደግፋ የወሰደቻቸው ወደ ሱቁ ነው፤ «ምንም ቢሰማዎት ሌላ ቦታ እንዳይሄዱ፣ መድኃኒቱ ይበላሻል» ተብለው ነበርና። ሱቁ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ላይ ሁለቴ ቁጭ ብለዋል። ባንኮኒ ላይ ያለችው ሠራተኛ ዓይኗን ከስልኳ አላነሳችም።

«ምነው?»

«ትንፋሼ እንቢ አለኝ፣ ልጄ።»

«እየሠራ ነው ማለት ነው። ፈንገሱ ሲወጣ ያስላል።»

ልጅ ጮኸች፣ ገንዘቡን መልሱ አለች። ባለ ጋውኑ ከውስጥ ወጣ። በመጀመሪያው ቀን «እናቴ፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር የሳበላቸው ሰው አሁን፣ «አንቺ፣ ክኒኑን አቋርጠሽ ነው። ሁለተኛውን ፓኬጅ ካልወሰድሽ የመጀመሪያውም ከንቱ ነው» አላቸው። እናቱን ለሚያክሉ ሴት፣ ቆመው እያለከለኩ፣ «አንቺ»! እሳቸውም ፈርተው የመቀነታቸውን ጫፍ ፈቱና 900 ብር አወጡ። ተቀበለ። ቆጠረ። ከንፈራቸው መጥቆሩን ለማየት በሚበቃ ርቀት ቆሞ አንድ በአንድ ቆጠረ።

ማታውኑ ሆስፒታል ሲደርሱ በደቂቃ 34 ጊዜ ይተነፍሱ ነበር። ጣት ላይ የምትቆነጠጠው የደም ኦክስጅን መለኪያ 82 በመቶ አነበበች። የደም ስኳራቸው 412። ስኳር እንዳለባቸው ከዚያ በፊት አያውቁም።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። የጥፍር ፈንገስና የሚጠና ጉንፋን አንድ ሰው ላይ ሲገጥሙ መጠርጠር ያለበት ስኳር ነው። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ላይ የደም ዝውውሩ ይዳከማል፣ መከላከያው ይቀንሳል፣ ፈንገስም በቀላሉ ይይዘዋል። ያው የተዳከመ መከላከያ ኢንፍሉዌንዛንና ኮቪድን ከአፍንጫና ከጉሮሮ ወደ ሳንባ እንዲወርዱ ያደርጋል። ባለ ጋውኑ ሁለቱንም ምልክት አይቶ ነበር። የአንድ ጠብታ ደም ምርመራ ይበቃ ነበር።

ክኒኑ ላይ ስም፣ ባች ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀን የለም። ልጅቱ የነገረችን አካሄድ ግን መድኃኒት ቤት ለሚሠራ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በሁለተኛው ቀን የጉልበት ሕመማቸው ጠፋ፣ የምግብ ፍላጎታቸው ጨመረ፣ እንቅልፍ እንቢ አላቸው። ዴክሳሜታዞንን የመሰለ ስቴሮይድ እንዲህ ነው የሚያደርገው። «ተሻለኝ» ያሰኛል፣ ከሥር ግን ስኳር ይሰቅላል፣ የሰውነትን መከላከያ ያፍናል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ውጤቱ የወጣው የእንግሊዝ አገር ጥናት በቀን 6 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን ኦክስጅን ላይ ያሉ የኮቪድ ሕሙማንን ሞት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ኦክስጅን የማያስፈልጋቸውን ግን አልጠቀመም። ገና ጉንፋን ላልያዘው ሰው፣ ለዚያውም ስኳር ላለበት፣ መስጠት በሩን ከፍቶ መጠበቅ ነው።

ስለ ጥፍሩ እውነቱ ይህ ነው። የእግር ጥፍር በወር ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ነው የሚያድገው። ትክክለኛው መድኃኒት ተወስዶም ንጹሕ ጥፍር እስኪተካ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። «በሁለት ሳምንት» ያለ ሁሉ ዋሽቷል። ወፍሮ ቀለሙን የቀየረ ጥፍር ግማሽ ያህሉ ደግሞ ፈንገስ አይደለም፤ ሶርያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ወይም የጠበበ ጫማ ግፊት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ከጥፍሩ ሥር ያለው ብናኝ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ለቆዳና ለጥፍር ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርባችን ነው። ፈንገስ ከሆነ የተለመደው ተርቢናፊን 250 ሚሊግራም በቀን አንዴ ነው፣ ለእጅ 6 ሳምንት፣ ለእግር 12 ሳምንት፤ ከመጀመሩ በፊት ጉበት ይመረመራል። ጥፍሩ የሚበቅልበት ሥር ካልተነካ 5 በመቶ አሞሮልፊን የጥፍር ቅብ፣ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ለወራት። ክሎትሪማዞል ቅባት በጥፍር ውስጥ አያልፍም፣ ለጣቶች መካከል ነው። ኬቶኮናዞል ክኒን ለጥፍር እንዳትቀበሉ፤ ጉበት ስለሚጎዳ በ2013 እ.ኤ.አ. አሜሪካም አውሮፓም ከልክለውታል ወይም አጥብበውታል።

ጉንፋንን ደግሞ አትናቁ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አገር የጨረሰው የኅዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። አብዛኛው ጉንፋን በሳምንት፣ በአሥር ቀን ይለቃል፤ አሞክሲሲሊን ቫይረስ አይገድልም። ነገር ግን አዋቂ በደቂቃ ከ30 በላይ ከተነፈሰ፣ ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ 40 ከደረሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የጤነኛ ሰው ኦክስጅንም ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ከ90 በታች ግን በከፍታ አታሳቡት። ነፍሰ ጡር፣ አዛውንት፣ አስም፣ የልብና የስኳር ሕመምተኛ ይህን ሁሉ አይጠብቅም፣ ትኩሳቱ እንደጀመረ ይታይ።

ፈንገስ እንዳይይዛችሁ ከውዱእ በኋላ የእግር ጣቶቻችሁን መካከል በጨርቅ አድርቁ፤ የጋራ ነጠላ ጫማ አታድርጉ።

ፓኬጁን ጀምራችሁ ያላችሁ ደግሞ ክኒኑን አትጣሉት፣ ለሐኪም ይዛችሁ ሂዱ። ከሦስት ሳምንት በላይ ከወሰዳችሁት በገዛ እጃችሁ በድንገት አታቁሙ፤ ስቴሮይድ ከሆነ ሰውነት የራሱን ማምረት አቁሞ ይሆናል፣ ድንገት ሲቋረጥ የደም ግፊት ወርዶ ራስ ያስታል። ነገ ጠዋት ሂዱ፣ ስኳራችሁንም አብራችሁ አስለኩ።