ስሜን፣ ባሌ፣ ጓሳ ወይስ ጀማ፦ ለእግር ጉዞ የትኛውን ደጋ ይመርጣሉ?

የተራራ ጉዞ ለመግዛት የተነሣ ሰው ለአስጎብኚው የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ከፍታው ስንት ሜትር ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ክፉ ባይሆንም ብዙ አይጠቅምም። በእኛ ደጋ ላይ የቀኑን ብዛት፣ የበቅሎውን ቁጥርና የጉልበቱን ዋጋ የሚወስነው መንገዱ ስንት ጊዜ ወደ ወንዝ ወርዶ እንደሚወጣ ነው። አፋፍ ይዞ የሚሄድ መንገድ 4,000 ሜትር ላይ ሆኖም ለጉልበት ይራራል። ሸለቆ የሚያቋርጥ መንገድ ግን ከዚያ በእጅጉ ዝቅ ብሎም ያንበረክካል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን መንገዶች ያወዳደርኩት በጫፋቸው ቁመት ሳይሆን በቁልቁለታቸው ነው።

ከስሜን እንጀምር። እዚያ በአንድ ስም የሚሸጡት ሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ናቸው፤ ገዢው ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ከሳንካበር በጊጭ አድርጎ ወደ ጨነቅ የሚወስደው የአፋፍ መንገድ ነው። ሳንካበር 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጊጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር አካባቢ ናቸው። በመካከሉ የጅንባር ፏፏቴ አለ፤ ከጊጭ ወጣ ሲሉ ደግሞ 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው እሜት ጎጎ ይገኛል። በስተ ሰሜን ያለው ቆላ ከእግርዎ ሥር ተዘርግቶ የሚታየው ከእሜት ጎጎ ላይ ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ይህን ቦታ ባይዘለው ደስ ይለኛል። አቀበት የለም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ከሦስት እስከ አራት ቀን የሚወስደው ይህ መንገድ መራመድ የለመደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው የሚወጣው ነው።

ሁለተኛው ከጨነቅ ወደ ራስ ዳሽን የሚሄደው ነው፤ ጨዋታው የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። መንገዱ በቧሂት ተራራ ትከሻ 4,200 ሜትር አካባቢ ደርሶ ወደ መሻሃ ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ በግማሽ ቀን ውስጥ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ቀጥ ብለው ወረዱ ማለት ነው። ከዚያ ወደ አምቢቆ መንደር አቀበት ይጀምራል። በማግሥቱ ሌሊት ተነሥተው 4,533 ሜትር ወደሚለካው ጫፍ ይወጣሉ (በቆዩ መጻሕፍት 4,620 ተብሎ ቢያገኙት አይደንግጡ፤ የድሮ ልኬት ነው)። ሲወርዱ ያስደሰተችዎት መሻሃ ሲመለሱ ትጠብቅዎታለች፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት አሁን አቀበት አድርገው ይከፍሉታል። ራስ ዳሽን ራሱ ከሩቅ ሲታይ ያን ያህል ግርማ የለውም፤ ከጎኑ ካሉት ጫፎች የትኛው እንደሚበልጥ በዓይን መለየት ያስቸግራል። «የአገሬን ጣሪያ ረግጫለሁ» ለማለት የሚናፍቅ ሰው ይሂድ፤ ውበት የሚፈልግ ግን በተረፈው ቀን ጊጭ ላይ ቢቆይና 4,430 ሜትር ያለውን ቧሂትን ከጨነቅ ደርሶ መልስ ቢወጣ ብልህ ነው እላለሁ።

ስሜንን ከሌሎቹ የሚለየው አንዱ ነገር የዱር እንስሳው ቅርበት ነው። ጭላዳዎች መቀመጫቸውን ሣሩ ላይ ተክለው፣ በሁለት እጃቸው እየነጩ፣ እፍኝ ሲሞላ ወደ አፋቸው እያደረጉ በአጠገብዎ ይግጣሉ፤ ደረታቸው ላይ ያለውን ፀጉር አልባ ቀይ ቆዳ ያለ መነጽር ያዩታል። ሲመሽ ተራ በተራ ወደ ገደሉ ወርደው በቋጥኙ እርከን ላይ ያድራሉ። ዋሊያን ደግሞ ጨነቅ አካባቢ በጠዋት የማየት ዕድልዎ ጥሩ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል።

ወደ ባሌ ሲዞሩ ሌላ ዓለም ነው። ስሜን ገደል ከሆነ ባሌ ሜዳ ነው፤ ሜዳውም 4,000 ሜትር ላይ የተዘረጋው ሳነቴ ነው። ከዲንሾ ተነሥቶ በወይብ ሸለቆ በኩል ወደ ሳነቴ የሚወጣው የበርካታ ቀናት ጉዞ የሚያልፈው በሰፋፊ ሣራማ መስኮችና በድንጋያማ ኮረብቶች መካከል ነው። መንገዱ ላይ ፊንጫ ሐበራ የሚባል ፏፏቴ አለ። በአቅራቢያው ካለ የዋሻ ጥላ ሥር ተመራማሪዎች በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ሰዎች በዚያ ከፍታ ይኖሩ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትመዋል። የሚበሉትም ፍልፈል ነበር።

ፍልፈሉ ዛሬም አለ፤ ግዙፉ ዝርያ ከባሌ በቀር በየትም አይገኝም። ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ያለውን ሣር ለቅሞ፣ ወደ ኋላው ተንሸራቶ ይሰወራል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ይህንኑ ብቅታ ትጠብቃለች፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ፣ ሆዷን ከመሬት አስጠግታ፣ አንድ እግር አንሥታ ትቆማለች፣ ትራመዳለች፣ እንደገና ትቆማለች። በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ላይ ናቸው። ስሜን ላይ ቀበሮ ማየት ዕድል ነው፤ ሳነቴ ላይ አለማየት ነው የሚገርመው። ዲንሾ ላይ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ባለው የጥድና የኮሶ ደን ውስጥም የደጋ አጋዘን በቅርብ ርቀት ይታያል።

ለጉልበቱ የሚሰጋ ሰው ባሌን ይምረጥ። ፈረስ ተከራይቶ ተቀምጦ መሄድም ይቻላል፤ ስሜን ላይ ባለው ቁልቁለት ግን በበቅሎ ላይ መቀመጥ ራሱን የቻለ ጭንቀት ነው። ይሁን እንጂ ባሌ የራሱ ዕዳ አለው። ስሜን ላይ ትንፋሽ ቢያጥር ወደ ሸለቆ መውረድ ይቻላል፤ ሳነቴ ላይ ግን ሜዳው አያልቅም፣ ዝቅ ማለት የሚቻልበት ቦታ ሩቅ ነው፤ መኪና ካልመጣልዎት። መኪና የሚመጣበት መንገድ መኖሩ ደግሞ ሌላው ልዩነት ነው፦ ከጎባ ተነሥቶ ሳነቴን አቋርጦ በሪራ በኩል ወደ ሐረና ጫካ የሚወርደው ጎዳና 4,377 ሜትር ከፍታ ባለው ቱሉ ዲምቱ አጠገብ ያልፋል። ጊዜ የሌለው ሰው በአንድ ቀን ውርጭ ካለበት ሜዳ የዱር ቡና ወደሚበቅልበት ደን መውረድ ይችላል። ለእግረኛ ይህ ጥቅምም ጉዳትም ነው። የመኪና ድምፅ የሚያናድድዎት ከሆነ በወይብ ሸለቆና ራፉ በሚባለው ቦታ በኩል ይሂዱና ጎዳናውን ለመጨረሻው ቀን ይተዉት።

መንዝ ጓሳ የሁለት ሌሊት ጉዞ ነው፤ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል ይገባል። ጓሳው ለጣሪያ ክዳን፣ ለገመድና ለጌሳ የሚታጨደው የሣር ዓይነት ነው፤ ነዋሪው ይህን ሣር ቄሮ በሚባል ጥንታዊ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው ኖሯል፣ ዛሬም ቦታው በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ነው። መንገዱ ቀላል ነው፤ ጭላዳም ቀበሮም አለ። ስሜን ወይም ባሌ ከመሄዱ በፊት ሳንባውን መፈተን ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ላሊበላ ለደረሰ መንገደኛ ደግሞ የመቄት አፋፍ አለ፦ ድንኳን ሳይሸከሙ ገደል ጫፍ ላይ ከተሠራ የመንደር ጎጆ ወደ ሌላ ጎጆ የሚኬድበት፣ ክፍያውም ለመንደሩ የሚደርስ ጉዞ ነው።

የቀረው ወንዙ ነው። ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ይርቃል፤ «የፖርቱጋል ድልድይ» ተብሎ ከሚጠራው የድንጋይ ድልድይ ጀምሮ የጀማ ወንዝ ሸለቆ እየሰፋ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ስለሚያልቅና ርካሽ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ መናቁ ግን ስሕተት ነው። ተራራ ላይ የሚከብደው አቀበት የሚመጣው ጠዋት፣ ጉልበት ሳይነካ ነው፤ ቁልቁለቱ ከሰዓት በኋላ ይጠብቃል። ሸለቆ ግን ተቃራኒው ነው። ጠዋት በቅዝቃዜ ይወርዳሉ፣ ቀትር ላይ ታች ቆላ ውስጥ ይደርሳሉ፣ አቀበቱን የሚጀምሩት ፀሐይ አናት ላይ ስትሆንና ውኃው ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ወደ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይነሣ፤ ከያዘው ውኃ አንድ ሦስተኛው ሲያልቅ፣ የትም ይሁን የት፣ ይመለስ። ወደ ታችኛው ወንዝ እስከ መጨረሻው መውረድ የሚፈልግ ታች ለማደር ይዘጋጅ።

አሁን ወደ ክፍያው። «ሁሉን ያካተተ» የሚለው አባባል ላይ አይተማመኑ፤ ዝርዝሩን በጽሑፍ ይጠይቁ። የፓርክ መግቢያ፣ የአስጎብኚው የቀን ክፍያ፣ የስካውቱ (ስሜን ላይ ጠመንጃ የያዘ ስካውት ግዴታ ነው)፣ የበቅሎና የባለበቅሎው፣ የምግብ አብሳዩ፣ የድንኳን ቦታ፣ የመኪናው ደርሶ መልስ፤ ሁሉም ለየብቻው መቀመጥ አለበት። ብዙ ሰው የሚረሳው ባለበቅሎው ጭነቱን ካራገፈ በኋላ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ቀን ነው፤ ጉዞዎ የሚያበቃው ከተነሡበት ሌላ ቦታ ከሆነ ያ ቀን ይከፈላል። የራስ ዳሽን ጉዞ ከሆነ ደግሞ የበቅሎው ቁጥር በቧሂት ማዶ ላለው አቀበት በቂ መሆኑን ይጠይቁ። የመኝታ ከረጢት ከሻጩ የሚከራዩ ከሆነ ከመነሣትዎ በፊት ዘርግተው ይዩት፤ ሳነቴ ላይ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ዚፑ የተበላሸ ከረጢት ዋጋ የለውም። የስሜን መግቢያ የሆነችው ደባርቅም ሆነ ዲንሾ ደርሶ በቀጥታ ማሰናዳት ከአዲስ አበባ ከመግዛት ይረክሳል፤ ግን አንድ ቀን ይበላል። አራት ቀን ብቻ ያለው ሰው ያችን ቀን በገንዘብ ቢገዛት አልፈርድበትም።

ወቅቱን በተመለከተ ስሜንና ጓሳ ከጥቅምት እስከ የካቲት ይመቻሉ፤ በጥቅምት ሣሩ ገና አረንጓዴ፣ አየሩም ጥርት ያለ ነው። ባሌ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለሚረዝም ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ይመረጣል። ከእነዚህ መንገዶች አብዛኛዎቹ ባለፉት ዓመታት ግጭት በነካቸው አካባቢዎች ያልፋሉ፤ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ለሻጩ ብቻ ሳይሆን ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውለው መንገዱ ክፍት መሆኑን ይጠይቁ፤ ጉዞው በጸጥታ ምክንያት ቢሰረዝ ቀብዱ እንዴት እንደሚመለስም ውሉ ላይ ያስጽፉ።