የመኪናዬ የኋላ ሴንሰር ከ8 ወር በኋላ፦ ፌሮውን አላየም

ባለፈው ቅዳሜ ከግቢ ወደኋላ ስወጣ የቀኝ ስቶፕ መብራቴ ተሰበረ። ጎረቤት ቤት እያሠራ ነው፤ ከኮለኑ አንድ ፌሮ ዘመም ብሎ ወጥቷል። ሴንሰሩ አንዴም ጢጥ አላለም፤ የሰማሁት ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ ነው።

እስካሁን ደህና ነበር። ሴንሰሩ እንደ ሌሊት ወፍ ድምፅ ልኮ በሚመለሰው ማሚቶ ነው ከኋላ ያለውን የሚያውቀው። አጥር ወይም መኪና ከሆነ ከሜትር ተኩል ጀምሮ ይጮኻል፣ 30 ሴንቲ ሲቀር ሳያቋርጥ ያፏጫል። የተናደድኩት በሻጩ ቃል ነው፦ «ይሄ እኮ የሌሊት ወፍ ማለት ነው፣ የሚያመልጠው ነገር የለም!»

ኧረ ወንድሜ፣ የሌሊት ወፍን ስም አታንሳ! ዶናልድ ግሪፊን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1938 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው የሌሊት ወፎች የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ እንደሚያወጡ በመሣሪያ ያረጋገጠው። ከዚያ ከጓደኛው ከሮበርት ጋላምቦስ ጋር ሽቦ በተደረደረበት ክፍል ለቀቋቸው። ሽቦውን እየሸሹ በረሩ፤ ጆሯቸው ወይም አፋቸው ሲደፈን ግን ይላተሙ ጀመር። በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች ከግማሽ ሚሊሜትር የቀጠነ ሽቦ እንኳ ለይተዋል። የኔ ፌሮ እኮ ጣት ያክላል!

የሌሊት ወፍ ጆሮዋን ታዞራለች፣ ወደምታድነው ነፍሳት ስትጠጋ በሴኮንድ እስከ 200 ጊዜ ትጮኻለች። የኔ ሴንሰር አራት ዓይኖች ግን ባምፐር ላይ ተተክለው ወደ 40 ኪሎኸርትዝ የሚጠጋ አንድ ዓይነት ድምፅ ይልካሉ፤ አንድ ሜትር ላይ ካለ ግድግዳ ማሚቶው በ6 ሺኛ ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ይመለሳል። ክብና ዘመም ያለ ብረት ግን ድምፁን ወደ ጎን ይበትነዋል። የተመለሰችው ትንሽ ማሚቶ ደካማ ስለሆነች መሣሪያው ከምንም አይቆጥራትም፤ ቢቆጥርማ በየጠጠሩ ይጮህ ነበር።

እሑድ ዕለት እንቅልፍ አጥቼ ሞከርኩት። ከመኪናው ኋላ ጄሪካን አስቀመጥኩ፤ ከሩቅ ጮኸ። ወንበር ላይ ጋቢ ደራርቤ በዚያው ቦታ አቆምኩ፤ ዝም። ግማሽ ሜትር እስኪቀር ዝም! ወፍራም ጨርቅ ድምፅ ይውጣል፣ የሚመልሰው ጥቂት ነው። የጎረቤታችን ልጅ የአራት ዓመት ልጅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሹራብ ለብሶ፣ ነጠላ ተከናንቦ እዚያው መኪናዬ ኋላ ይጫወታል። ያቺን ወንበር ሳያት እጄ ተንቀጠቀጠ።

«ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ነው፣ ውዱን ብትገዛ...» ትለኝ ይሆናል። ስትሸጥልኝ ይህን ብትነግረኝ ኖሮ እኔም አልቆጣም ነበር። «አጥር ያሳይሃል፣ ልጅ ግን በዓይንህ እይ» ማለት ስንት ቃል ነው?

ስቶፑን ሶማሌ ተራ ያገለገለ አግኝቼ ቀየርኩ። ሴንሰሩን አላስነቀልኩትም፤ ለአጥር ይሆነኛል። ለልጅ ብሎ የሚገዛ ካለ ግን አይግዛ። አሁን ሞተር ሳላስነሳ ዞሬ አያለሁ፤ ባለቤቴም በር ላይ ቆማ «ና፣ ና፣ ና... በቃ!» ትለኛለች።